የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ለፍሬን ይሆናል? (ዲኤክስ፣ የፍሬንና የነዳጅ መስመር)

የአፍንጮ በር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። የ80ዎቹ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ የአባቴ ነበረች። ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስመጣ ፔዳሏ ለስለስ አለብኝ። እንደምንም ቤት አደረስኳትና ከሥር ገብቼ ሳይ ወደ ኋላ ቀኝ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ረጥቧል። አጠገቡ ያለው የነዳጅ ቱቦም ቅርፊቱ እየተነሳ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ያን ሁሉ ሰዓት ተሰልፌ የቀዳሁትን ቤንዚን መሬት ሲጠጣው ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ታውቁታላችሁ።

ጋራዥ ጠየቅኩ፣ ዋጋውን ሲነግሩኝ አመስግኜ ወጣሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ፍሪጅ ሠሪ ነው። ጥቅል የመዳብ ቱቦ አለው፣ ጫፉን የሚያሰፋበት መሣሪያም አለው። «በግማሽ ቀን እጨርስልሃለሁ» ብሎኛል። ይሄ ቱቦ ለፍሬን ይሆናል? ለነዳጁስ? ራሴ ብሠራው ምን ምን ያስፈልገኛል? መኪናዋ ቆማለች፣ እየነዳኋት አይደለም።

ባለ ቪትዝ

ይሆናል ባክህ። የአጎቴ ላዳ ላይ መዳብ ገብቶ ሦስት ዓመት ተነድቷል፣ ጠብ አላለም። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ዳዶ አሥር

አይሆንም። ባለ ቪትዝ አትቀየመኝ፣ አጎትህን እግዜር ጠብቆታል።

ፍሬን ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት 100 ባር ሊደርስ ይችላል። የጎማህ ንፋስ ስንት ነው? ሁለት ባር ምናምን። ንጹሕ መዳብ ደግሞ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እየጠነከረ፣ እየደረቀ ይሄዳል፤ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ስታጣጥፈው በመጨረሻ ቀጭ እንደሚለው ማለት ነው። የኛን ኮብልስቶን እያሰብክ። ስንጥቁ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ፣ ዳዶው (ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ጋር የሚያስረው ብሎን) ሥር ተደብቆ ስለሆነ ቀድመህ አታየውም።

መሣሪያውም ሌላ ጣጣ አለው። ፍሪጅ ሠሪው የሚያወጣው ነጠላ ፍሌር ነው፣ ጫፉን አንዴ እንደ ጥሩምባ ከፍቶ ይተወዋል። ያንተ ቶዮታ የምትፈልገው ድርብ ነው። መጀመሪያ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ ራሱ ላይ ተደርቦ በ45 ዲግሪ ይከፈታል። ሌሎች መኪኖች፣ በተለይ አንዳንድ የአውሮፓዎቹ፣ ጫፋቸው እንደ እንጉዳይ ያበጠ ነው። ያ ከቶዮታ ጋር አይገጥምም፣ ብታስጨንቀውም ያፈሳል።

የምትገዛው 4.75 ሚሊ የፍሬን ብረት ቱቦ ነው። ካገኘህ ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ። መልኩ መዳብ ይመስላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው፣ ዝገት አይነካውም፣ ሲታጠፍም ገር ነው፣ ቮልቮ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይጠቀምበታል። ሻጩ ተራውን መዳብ ይዞ «ያው ነው» ካለህ ውጣ። መሀል ላይ ቆርጦ መቀጠልም ካሰብክ፣ የቧንቧ ሠራተኛ በቀለበት የሚያጣብቀውን ዓይነት መገጣጠሚያ ፍሬን ላይ እንዳላይ።

የሱማሌ ተራው

አሮጌውን ቱቦ ሳታጣምም አውልቀህ ይዘህልን ና። እሱ ነው ካርታህ። በእሱ ልክ ይቆረጥልሃል፣ ፍሌሩም ይወጣልሃል፣ ማጠፉን አንተ ቤትህ ትጨርሳለህ። የድሮዎቹን ዳዶዎች እንዳትጥል። የቶዮታው ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.0 ሚሊ ነው፣ የላዳው ደግሞ 10 ሆኖ 1.25 ነው። ዓይን አይለያቸውም። በእጅህ ሁለት ዙር ይሄድልህና ይይዛል፣ ያኔ በቁልፍ ካስገደድከው የፍሬን ማስተርህን (ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን የሚገፋውን) ጥርስ በላኸው ማለት ነው።

እመቤት ካቻቪቴ

እኔ ባለፈው ክረምት የራሴን ሠርቻለሁ፣ ያበላሸሁትን ልንገርህ ትማርበታለህ። የመጀመሪያው ድርብ ፍሌር ሸጋ ሆኖ ወጣልኝ። ለእማዬ ሁሉ አሳየኋት። ዞር ስል ዳዶው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ቱቦው ውስጥ ሳላስገባው ነው ጫፉን የከፈትኩት! ቆርጬ እንደገና። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዳዶ፣ ከዚያ ፍሌር። ግድግዳ ላይ ጻፈው።

በመጋዝ አትቁረጥ፣ ጫፉ ይወላገዳል፣ ብናኙም ውስጥ ይቀራል። እየዞረ የሚቆርጠውን የቱቦ መቁረጫ ተጠቀም፣ ከዚያ የውስጥና የውጭ ጠርዙን በሞረድ ለስለስ አድርገው። ፍሌር ላይ ቁርጥራጭ ቱቦ ይዘህ አምስት ስድስት ጊዜ ተለማመድ፤ የኔ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የውሻ ጆሮ ነበር የሚመስሉት። ስታጥፍ በባዶ እጅህ ቀጭ አታድርገው፣ ይጨፈለቃል። ጠርሙስ ላይ ወይ የካንዴላ ቁልፍ ላይ አዙረው። ርዝመቱን ቀድመህ በሽቦ ለካው፣ ትንሽ ጨምር፣ አጭር ቱቦ አይሳብም።

የአፍንጮ በር ልጅ

እመቤት በሳቅ ገደልሽኝ። እሺ፣ መዳቡን ተውኩት። ነዳጁስ? እሱ ግፊት የለውም አይደል?

ዳዶ አሥር

ያንተ ካርቡራቶር ስለሆነች ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ይሄኛውን ቤትህ ልትሠራው ትችላለህ። ግን ፍሬን ቢያፈስ ፔዳሉ ይነግርሃል፣ ነዳጅ ሲያፈስ የሚነግርህ እሳት ነው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ አውልቅ። ሥራውን ውጭ፣ ንፋስ ባለበት አድርገው እንጂ ጋራዥ በር ዘግተህ አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛህን ለቡና ላከው። የእሳት ማጥፊያ እጅህ ይድረስበት። ብየዳ የሚባል ነገር ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) አጠገብ እንዳይደርስ፣ ባዶ ሰልባቲዮ ከሙሉው የባሰ ነው፣ ውስጡ ትነት ሞልቶበታል።

ረጅሙን መንገድ በብረት ቱቦ ሥራው፣ ጎማው መገጣጠሚያዎቹ ላይ አጠር ብሎ ብቻ ይግባ። ሙሉውን በጎማ የሚዘረጉ አሉ፣ ድንጋይ ሲመታው ወይ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ሲያርፍ አስበው። ጎማው የነዳጅ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ያቺ ብርሃን የምታሳልፍ የውሃ ላስቲክ በቤንዚን ትደርቅና ትሰነጠቃለች። የብረቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ አውጣለት፣ ጎማው እንዳይንሸራተት፤ ፋሼታው (ጎማውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ከጉብታው ኋላ ይጠበቅ። ቱቦውን ደግሞ ድሮ በነበረበት መያዣ ሁሉ መልሰህ እሰረው። የተንጠለጠለ ቱቦ ራሱን በራሱ ፈግፍጎ ይበሳል።

ባለ ቪትዝ

እንግዲያው እኔም ቪትዜ ላይ ልሞክር፣ ጎማው አርጅቷል።

ዳዶ አሥር

አንተማ ቆይ! ያንተ ኢንጀክሽን ናት፣ 3 ባር አካባቢ ነው የሚገፋው። የካርቡራቶር ጎማ ብትሰካባት ሞተር ላይ ቤንዚን ትረጭብሃለች። ለኢንጀክሽን የተሠራ ጎማ ከነፋሼታው አለ። ከመፍታትህ በፊትም ግፊቱን ማውረድ አለብህ፤ የፓምፑን ፊውዝ ነቅለህ ሞተሩን አስነሳው፣ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቅ።

የድሮ ሹፌር

ልጆች፣ ስለ አየሩ ማንም አላነሳም። ቱቦ ከተፈታ አየር ገብቷል። አዲሱን ቱቦ ጎሚስታ ጋ ንፋስ አስነፋው፣ ግን የኮምፕሬሰር ንፋስ ውሃም ዘይትም ስለሚይዝ ከመግጠምህ በፊት በአዲስ ፍሬን ዘይት እጠበው። ዘይቱ የማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ ጎሚኒዎቹ (የፍሬኑ የውስጥ ጎማዎች) ሁሉ ያብጣሉ። ቀለም ላይ ካፈሰስክ ቶሎ በውሃ እጠብ፣ ይልጠዋል።

አየሩን ለሁለት አውጡት። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን ይከፍታል፣ ሳይዘጋ እግር አይነሳም። ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምር፣ ዘይቱ እንዳያልቅ እያየህ። ከዚያ ሞተር አስነስተህ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ አጥብቀህ ያዝ፣ ሌላው ሰው እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ሶፍት ይንካ። ሶፍቱ ከረጠበ አልጨረስክም። ሙከራህ ሜዳ ላይ፣ በእርምጃ ፍጥነት ይሁን። የመጀመሪያ ቀን ቸርችል ቁልቁለት ላይ ይዘሃት እንዳትወርድ ልጄ።

የአፍንጮ በር ልጅ

እሺ አባቴ። ሁላችሁም ተባረኩ፣ እመለሳለሁ።

የአፍንጮ በር ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ብረቱን ቱቦ ገዛሁ፣ የፍሬኑን ፍሌር ሱማሌ ተራ አስወጣሁ፣ ማጠፉንና ነዳጁን ራሴ ሠራሁት። እመቤት፣ ዳዶውን አልረሳሁም፣ ግን አንዱን ገልብጬ አስገብቼው ነበር፣ እዚያ ፍሌሩን የሚያወጣው ልጅ ነው ያየልኝ። ሶፍቱ የኋላው መገጣጠሚያ ላይ ረጠበ። ፈትቼ ሳየው ፍሌሩ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች፣ ቆርጠው እንደገና አወጡልኝ፣ አሁን ደርቋል። ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል። የቤንዚን ሽታውም ጠፍቷል። ሦስት ቀን ሰፈር ውስጥ ብቻ ነው የዞርኩት።

ፍሪጅ ሠሪው ጎረቤቴ መዳቡን ስመልስለት ትንሽ ከፍቶት ነበር፣ አሁን ግን የራሱን ፒካፕ ይዞ ድርብ ፍሌር የት እንደሚወጣ እየጠየቀኝ ነው።

እመቤት ካቻቪቴ

ገልብጬ 😂 እሱን እንኳ እኔም አልሠራሁትም።