አስቸኳይ፦ ጂሲሲ «ድምር» የሚለውን ስም አላነብም አለኝ፤ ነገ ጠዋት ማቅረቢያዬ ነው

የታቦር ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በአማርኛ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮዱን ወደ ሲ (C) ቋንቋ ይቀይረዋል፣ የቀረውን ጂሲሲ (GCC፣ የሲን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር) ይጨርሳል። ቤት ላፕቶፔ ላይ ሰላም ነው። ዛሬ እዚህ ሐዋሳ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ስሞክረው «ስትሬይ \341 ኢን ፕሮግራም» እያለ ስክሪኑን ሞላው። ነገ 2፡30 እገባለሁ። በእናታችሁ!

ሴሚኮለን
ጂሲሲ አዘምኚ።

ባለ ባጃጁ
ስትሬይ ማለት የባዘነ አይደል? ሐይቅ ዳር እንዳሉት ውሾች። አሳ ጣይላቸው 😂

ጋሽ ፖይንተር
ልጄ፣ መንገድሽስ ደግ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲፍሮንት በሚባል ተርጓሚ ወደ ሲ እየተቀየረ ነው ያደገው። ኒም የሚባለው ቋንቋ ዛሬም ወደ ሲ ይተረጎማል። ሲ ባለበት ማሽን ሁሉ ያንቺም ቋንቋ ይሄዳል። እኛ ግን መጀመሪያ ሰዋስዉን በወረቀት እንጨርስ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ዘላችሁ ኮድ ነው። ለመሆኑ የላቡ ጂሲሲ ስንተኛው ስሪት ነው?

ተጠራጣሪው
ቆይ፣ በአማርኛ ማን ኮድ ሊጽፍ ነው? የትኛው ቀጣሪ ነው «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ትችያለሽ ወይ የሚለው?

የታቦር ልጅ
ጋሼ፣ የላቡ 9.4 ነው፣ የእኔ 13። ይቅርታ፣ መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ተጠራጣሪው፣ 7ኛ ክፍል ያለች እህቴ «ድገም» የሚለው ትእዛዝ በአንድ ከሰዓት ገባት። ለቀጣሪ አልሠራሁትም።

ሴሚኮለን
አዘምኚ አልኩሽ እኮ። 10 ይበቃል።

የታቦር ልጅ
የአድሚን ፓስወርድ የለኝም፣ ኔትም የለም!!

ባለ ባጃጁ
እሺ ቀልዱ ይቅር። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት በኦክታል (በስምንት ቤት አቆጣጠር) ሁሌ 341። «ድ» ብትዪ 341፣ 213፣ 265 ነው። ጂሲሲ በእንዲህ ያለ ፊደል የተጻፈ ስም በቀጥታ ማንበብ የጀመረው በ2020 ከወጣው 10 ወዲህ ነው። ስለዚህ የሲ ኮዱን በምታወጪበት ቦታ ስሞቹን ቀይሪ፦ በላቲን ዩ ጀምሪና የየፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር ከኋላ ደርድሪ፣ መሃሉን በአንደርስኮር (_) ለዪ። ድምር 4853፣ 4637፣ 4653 ይሆናል። በጥቅስ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እንዳትነኪ፣ እሱ በ9.4ም ያልፋል። አንዲት ፈንክሽን ናት፣ ቡናው ሳይፈላ ትጨርሻለሽ።

ጋሽ ፖይንተር
ይሄ ልጅ ባጃጁን ትቶ ያስተምር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈታኙ ራሱ ልጻፍ ካለ «ፀሐይ» ብሎ አውጆ ታች «ጸሀይ» ይላል። ላንቺ ተርጓሚ ሁለት ስም ነው። አራት ነጥቡንም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታ ይጽፈዋል። ፡፡ እና ። አንድ ናቸው በዪ፣ ሞክሼዎቹንም ወደ አንድ አምጫቸው።

የታቦር ልጅ
የመጨረሻው ያስለቀሰኝ ነው፣ ለካ ስልኬ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ፡፡ ነው። እየቀየርኩ ነው። ባትሪ 11 ፐርሰንት፣ መብራት ደግሞ ሄደ

ሴሚኮለን
ክላንግ የሚባል ሌላ ኮምፓይለርም አለ፣ ወይ ጂሲሲ አዘምኚ።

ባለ ባጃጁ
ኧረ እህቴ፣ 4 ሰዓት ሆነ። እንዴት ሆነልሽ?