ግራድ ጨዋታችንን አበላሸብን፣ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። ከጓደኞቼ ጋር ገጸ ባሕርይ ይዘን በዳይስ የምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ አለ። ሕጉን የማወጣው እኔ ነኝ። አሁን አንዱ ቡድን ቢኤም-21 ግራድ የሚባለውን የሮኬት ማስወንጨፊያ ያዘና ጨዋታው አለቀለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡራል መኪና ላይ የተጫኑ 40 ቱቦዎች አሉ። ባለ 122 ሚሊ ሜትር ሮኬቶቹ በ20 ሰከንድ ገደማ ተተኩሰው ያልቃሉ። የሚደርሱት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነው። በእኛ ሕግ አንድ ተራ 30 ሰከንድ ስለሆነ ተጋጣሚው ዳይስ እንኳ ሳያነሳ ድምጥማጡ ይጠፋል። «ታዲያ እኛ ምን ልናደርግ መጣን?» አሉኝ። እውነታቸውን እኮ ነው!

በጨዋታው ውስጥ ዋጋውን ማስወደድ አልፈልግም፤ ሽወዳ ይመስለኛል። የእውነተኛውን መሣሪያ ድክመት ባስገባ ይሻላል። ሮኬቶቹ ይበተናሉ፣ አንድ ቤት ለይተው አይመቱም። በእጅ መልሶ ማጉረስ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጭሱና አቧራው ደግሞ ቦታውን ያሳብቃል፤ ተኩሶ ቶሎ ካልሸሸ የጠላት መድፍ ይወርድበታል።

ግራ የገባኝ መበተኑ ነው። ለ40ውም ሮኬት ዳይስ እየጣልን ልናመሽ ነው እንዴ? ካርታው ላይ ክልል ከልዬ አንዴ ብቻ ብናስጥልስ? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ማታ እንጫወታለን።