በአንድ ትራንስክሪፕት ላይ ሁለት የትምህርት ቤት ስም፦ ተፈሪ መኮንን እና እንጦጦ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ እዚህ አሜሪካ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ለሚመዝን ድርጅት ልናስገባ ነው። 9ኛ እስከ 11ኛ (ከ1964 እስከ 1966) ተፈሪ መኮንን ይላል፤ 12ኛ ግን 1969 ሆኖ ትምህርት ቤቱ እንጦጦ ነው። መዛኙ «ሁለት ትምህርት ቤት ነው ወይ? በመሃል ያለው ክፍተትስ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ደግሞም በፖስታ ታሽጎ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይላክልን ብለዋል። ከየትኛው ቢሮ ነው የሚጀመረው?

የጉለሌው፦ ሁለት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ግቢውም አንድ ነው። ራስ ተፈሪ በ1917 የከፈቱት ነው፣ መጀመሪያ የበላይ ተቆጣጣሪው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ፣ ማስተማሪያውም በዋናነት ፈረንሳይኛ። በጣልያን ወረራ ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1945፣ ከካናዳ ኩቤክ የመጡ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የካቶሊክ ማኅበር አባላት ተረከቡት። መነኮሳት ቢሆኑም የካህን ልብስ ሳይለብሱ፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነበር ስምምነቱ። ዳይሬክተሩ ሉሲየን ማት ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንጦጦ የተባለው በደርግ ዘመን ነው። የንጉሣዊ ቤተሰብ ስም የያዙት ሌሎቹም እንዲሁ ተለወጡ፦ እቴጌ መነን የካቲት 12፣ ልዑል መኮንን አዲስ ከተማ ሆኑ። ምኒልክና ዊንጌት ግን ስማቸው ሳይለወጥ ቀረ፤ ለምን እነሱ ተተዉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም።

ክፍተቱ ዘመቻ ነው። ታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ገጠር አሰማራ። 1966 ላይ 11ኛን የጨረሰ ሰው 12ኛን 1969 ላይ ማግኘቱ ትክክል ነው። ማንም ሰው «ስህተት ነው» ብሎ ዓመቱን እንዳያስተካክልላችሁ፤ ከሮስተሩ (ከትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ) ጋር ይጋጭና ወረቀቱ ውድቅ ይሆናል።

ሮስተር፦ የጉለሌው ያለው ልክ ነው፣ የቢሮውን ነገር ልጨምር። ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ፤ ሰው ሁልጊዜ ያደባልቃቸዋል። ከ9 እስከ 12 ያለው የክፍል ውጤት የትምህርት ቤቱ ነው፣ ከሪከርድ ክፍል ይወጣል። የ12ኛ መልቀቂያ ፈተናው ውጤት ግን አገር አቀፍ ስለሆነ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ነው የሚጠየቀው። ትምህርት ቤቱ የፈተናውን ካርድ ማረጋገጥ አይችልም፣ አገልግሎቱም ትራንስክሪፕት አይሰጥም።

የድሮ ሮስተር በዓመት፣ በክፍልና በሴክሽን የተጠረዘ መዝገብ ነው። «በ60ዎቹ ተምሯል» ብላችሁ ከሄዳችሁ ሪከርድ ኦፊሰሩ ሰባት ስምንት መዝገብ ሊያገላብጥ ነው፤ «ነገ ተመለሱ» የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስም እስከ አያት፣ የእያንዳንዱ ክፍል ዓመት፣ ሴክሽኑ (12ኛ ለ እንደሚባለው)፣ ካለም የድሮ ሪፖርት ካርድ ኮፒ ያዙ። ግቢው ውስጥ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ስላለ፣ የድሮው መዝገብ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ አንድ ቀን ያተርፋል።

ትራንስክሪፕቱ ሲሠራ ርዕሰ መምህሩ የሚፈርሙበት አጭር ደብዳቤ አብሮ ይጠየቅ፦ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ በ1967 እና 1968 ተማሪው በዘመቻ ምክንያት እንዳልተማረ። መዛኙን የሚያረካው ይህ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ የዛሬው ስም ስለሆነ ትራንስክሪፕቱ ብቻውን አያስረዳም። ማኅተሙ ፖስታው በታሸገበት መስመር ላይም ይረፍ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እኛ ሁላችንም ውጭ ነን፣ አጎታችን ቢሄድስ?

ቀጨኔ፦ አጎትዎ ውክልና ያስፈልጋቸዋል። አባትዎ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው ይስጡ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃ ማውጣትና መረከብ» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ፤ የቤትና የመኪና ጉዳይ ብቻ የሚዘረዝር ውክልና ይዘው ሄደው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ስሙንም ይመልከቱ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ቢለይ ትምህርት ቤቱ ሮስተሩን አይቀይርም፤ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ቃለ መሐላ እዚያው እርስዎ ባሉበት አገር ይዘጋጅ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ሲያዞሩ ደግሞ የ12ኛ ማብቂያ ሰኔ ስለሆነ 8 ነው የሚደመረው፣ 1969 ማለት 1977። መግቢያው መስከረም ስለሆነ 7 ይደመራል፣ 1964 ማለት 1971። ፎርሙ ላይ ሁለቱንም በ8 የደመረ ሰው መግቢያውን 1972 ብሎ ይሞላና መዛኙ አንድ ዓመት ጎደለ ብሎ እንደገና ይጽፋል።