ክርክር፦ አምስት ቤት ሆነን ላም ብንገዛ፣ ወተቱን ጥሬውን እንጠጣ?

የሳቢያኗ እናት፦ አቦ እስቲ ሀሳብ ስጡኝ። እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አምስት ቤት ሆነን አንድ የምትታለብ ላም በጋራ ልንገዛ ነው፣ ግቢ ያለው ሰው ይይዝልናል፣ የሳርና የፉርሽካውን በየወሩ እናዋጣለን፣ ወተቱን እንካፈላለን። ውሃ የተቀላቀለበት ወተት መግዛት ሰልችቶናል። ልጆቼ ደግሞ ትኩሱን፣ ከጡቷ እንደወረደ እንዲጠጡ ነው የምፈልገው፣ ባለቤቴ ግን እሱ ላይ እምቢ አለ።

ከዚራ፦ እደግፋለሁ! ከብት በርቢ እየሰጡ መካፈል ድሮም የነበረ ነገር ነው። አሜሪካ እንኳን ጥሬ ወተት መሸጥ በተከለከለባቸው አንዳንድ ስቴቶች ሰዉ የላም ድርሻ ገዝቶ ለገበሬው የማኖሪያ እየከፈለ ይጠጣል፣ የራሴን ላም ወተት ማን ይከለክለኛል ነው የሚሉት።

የእንስሳት ሀኪም ከሀረር፦ እነሱ እኮ ሽያጩ ስለተከለከለ ነው ድርሻ የገዙት፣ እዚህ ጥሬ ወተት በየመንገዱ ይሸጣል። መካፈሉ ውሃውን ያስቀርልሻል እህቴ፣ በሽታውን ግን አያስቀርም። ብሩሴላ የሚባለው በሽታ ያለባት ላም ስታያት ጤነኛ ናት፣ ትበላለች ትታለባለች፣ ምናልባት አንዴ ጨንግፋ ይሆናል እሱንም ሻጩ አይነግርሽም። ሰው ላይ ሲመጣ ትኩሳቱ ይሄዳል ይመለሳል፣ ሌሊት ያልባል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። የላም ቲቢም በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ደግሞ ያቺ አንዷ ላም ከታመመች የአምስት ቤት ልጆች ናቸው የሚጠጡት፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ እኛ የግመል ወተት ጥሬውን ጠጥተን ነው ያደግነው ወላሂ፣ እቃው በደንብ በጭስ ይታጠናል፣ ሲፈላ ጣዕሙ ይጠፋል።

ሀኪሙ፦ ወንድሜ ማጠኑ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ ብሩሴላን ግን አይገድልልህም፣ ግመልንም ይይዛታል። ፋብሪካ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያሞቀዋል፣ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ስለሌለ ገንፍሎ እስኪነሳ አፍሉት በቃ።

ለገሃሬ፦ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ ወባ ነው ታይፎይድ ነው እየተባለ ሲመላለስ ከረመ፣ ጥሬ ወተት ትጠጣለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፣ በመጨረሻ ብሩሴላ ሆኖ ተገኘ። ድሬ ላይ ትኩሳት ካለብህ መጀመሪያ ወባ ነው የሚባለው። እባክሽ ለልጆቹ አፍይላቸው።

የሳቢያኗ እናት፦ እሺ አምኛለሁ፣ እናፈላለን። ግን ላሟን ሳንገዛ ማስመርመር ይቻላል?

ሀኪሙ፦ ይቻላል። ለብሩሴላ ደም ይወሰዳል፣ ለቲቢ አንገቷ ላይ ትወጋና ከ3 ቀን በኋላ እብጠቱ ይለካል፣ ስለዚህ ብሩን በዛው ቀን እንዳትሰጡ። ነጻ ብትሆንም ግን ማፍላቱን አትተዉ፣ ከሌላ ከብት ጋር ስትውል በኋላም ሊይዛት ይችላል።

ከዚራ፦ ማፍላቱን ተቀብያለሁ። ይልቅ ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ትነጥፋለች፣ ያኔ ወተት ሳይኖር የሳሩን ሁሉም ያዋጣል ወይ? አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ብትሞት ኪሳራው የማን እንደሆነም ጭምር።

የሳቢያኗ እናት፦ እሱን አላሰብነውም። እሁድ ስንሰበሰብ መጀመሪያ እሱን ነው የማነሳው።