የሽንኩርት ዘር ዘፍዝፎ መዝራት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የደምቢያው
ሰላም ወገኖቼ። ከቆላድባ ወጣ ብሎ ሩብ ሄክታር የመስኖ መሬት አለችኝ። ቦምቤ ሬድ ሽንኩርት ልተክልባት ነው። አምና ዘሩ የችግኝ መደብ ላይ እየተንጠባጠበ ነው የወጣው። አንዱ ጥግ ችግኙ ቆሟል፣ ሌላው ጥግ ገና አፈር ይገፋል። ምርቱም እንደዚያው ሆነ፤ አንዱ ራስ እጅ ይሞላል፣ አንዱ ጣት አያክል። ነጋዴ ደግሞ ደቃቁን አሳይቶ የሁሉንም ዋጋ ነው የሚጥለው። ዘንድሮ ጎረቤቴ «ዘሩን ዘፍዝፈህ ዝራው» አለኝ። ጨው ጨምርበት የሚሉም አሉ። እውነት ይሠራል? ስንት ሰዓት?

የማክሰኝት ልጅ
ወንድማለም፣ ይሠራል። ዘሩን በሳሳ ጨርቅ ላላ አድርገህ ቋጥረው። ማታ ንጹህ ውሃ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ጠዋት ታወጣዋለህ። 12 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በመሀል ውሃውን ብትቀይርለት ጥሩ ነው፣ ዘርም አየር ይፈልጋል። ካወጣኸው በኋላ ጥላ ስር ጨርቅ ላይ ስስ አድርገህ በትነው፣ አልፎ አልፎ በእጅህ አገላብጠው። እርስ በርሱ መጣበቁን ትቶ በጣትህ መሀል ሲንሸራተት ደርሷል። ፀሐይ ላይ ግን እንዳታሰጣው!

እመት ጓሮ
ቆይ ወንድሜ፣ ውሃ ከማቅረብህ በፊት ማሸጊያውን አይተኸዋል? የሽንኩርት ዘር ጥቁር ነው። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካለው በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነው። እሱን ብትዘፈዝፈው መድኃኒቱን አጥበህ ደፋኸው ማለት ነው። ያ ውሃ ከብት የሚጠጣበት ቦይ ቢገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እንዲህ ያለውን እንዳለ ዝራው፣ ጓንት አድርገህ።

አግሮኖሚ ጎንደር
ሁለቱም ልክ ናቸው። ምክንያቱን ልጨምር። ዘር ውሃ ሲጠጣ ሥር ከማውጣቱ በፊት ውስጥ ውስጡን የሚሠራው ብዙ ሥራ አለው። መዘፍዘፉ ያን ሥራ መደብ ላይ ሳይደርስ ያስጀምረዋል፤ ማድረቁ ደግሞ ሥር ሳይወጣ ያቆመዋል። ነጭ ሥር ብቅ ካለ በኋላ ካደረቅከው ግን ገደልከው። ለዚህ ነው ከ24 ሰዓት አትለፍ የሚባለው።

የሽንኩርት ዘር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። የእኛን የጥቅምት ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ዘሩ ይዘገያል፣ ይበታተናል። የመዘፍዘፍ ጥቅም በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ጨውን ተወው። በጥናት የተሞከረው በልክ ተመዝኖ ነው፤ በእፍኝ ከሆነ ዘሩን ይጎዳል። ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ማዳበሪያ የሚጠቀሙም አሉ፣ 1 በመቶ፣ ማለትም በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም። ሚዛን ከሌለህ አትግባበት። ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካልም አለ፤ ሙቀቱ ተጠብቆ፣ አየር እየተነፋበት ቀናት የሚፈጅ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ለሩብ ሄክታር ንጹህ ውሃ ይበቃል።

ምርት ይጨምራል ወይ ብትለኝ፣ ዝፍዝፉ ራሱ ኩንታል አይጨምርም። ችግኙ እኩል ከወጣ እኩል ትተክላለህ፣ ራሱም ተቀራራቢ ይሆናል። የሞተ ዘር ግን በምንም አይነሣም።

አባ መስኖ
ልጆች፣ እኔ ዘፍዝፌ አላውቅም፣ ሽንኩርቴም አላሳፈረኝም። የልጁ ችግር መደቡ ይመስለኛል። አፈሩን እንደ ዱቄት አድቅቀው። መስመሩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ አራርቀው፣ ዘሩን ከ1 ሳንቲ በላይ አትቅበረው። ሰው እፍኝ እፍኝ ይበትንና ከላይ አፈር ይጭንበታል፤ ከዚያ ዘሩን ይሳደባል። ደረቅ ሣር ጎዝጉዝበት፣ በማጠጫ ቀስ አድርገህ አጠጣ። በባልዲ ከደፋህበት ዘሩ ሁሉ አንድ ጥግ ይከማቻል። መውጣት ሲጀምር ሣሩን ወደ ማታ አንሣው፣ ቀትር ላይ ከሆነ ፀሐይ ይለበልበዋል።

የደምቢያው
አባባ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ አምና በባልዲ ነበር የሚጠጣው። እመት ጓሮ፣ ከፍቼ አየሁት፤ ሮዝ ነው። ስለዚህ መዘፍዘፉ ቀረ። ግን ዘሩ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ? አምና የገዛሁበት ሱቅ «የዘንድሮ ነው» ብሎኝ ነበር።

አግሮኖሚ ጎንደር
100 ዘር ቆጥረህ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድርና ጠቅልለው። እቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ እንዳይደርቅ እያርከፈከፍክ። በ6ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠር፣ በ12ኛው ቀን ደግመህ ቁጠር። በ6ኛው ቀን አብዛኛው ከወጣ ጉልበት ያለው ዘር ነው። 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝራ። 60 ከሆነ መጠኑን ጨምር፤ ለሄክታር ወደ 4 ኪሎ ስለሚባል ላንተ በደህናው ጊዜ 1 ኪሎ ገደማ ነበር የሚበቃህ። ከግማሽ በታች ከሆነ መልስላቸው። ደረሰኙን አትጣል።

እመት ጓሮ
ያልታሸ ዘር ካገኘህም ሁሉንም አትዘፍዝፍ። ግማሹን ዘፍዝፈህ፣ ግማሹን ደረቁን፣ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ዝራና ምልክት አድርግ። አባባም መጥተው ይዩት 😄

አባ መስኖ
እመጣለሁ፣ ቡናው ካለ።

የደምቢያው
ቡናውማ አለ አባባ! አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዘፍዝፌ ካደረቅሁት ላይ ቢተርፍ ለከርሞ ይቆያል?

የማክሰኝት ልጅ
አይቆይም። የተዘፈዘፈ ዘር ዕድሜው ያጥራል፣ በዚያው ሰሞን ዝራው። ደረቁም ቢሆን የሽንኩርት ዘር ቶሎ የሚሞት ነው። ውሃ ሳታስነካ በሚጠብቅ ዕቃ ክደነው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከርሞ ከመዝራትህ በፊት መቶዋን ቁጠር።