የጊታር አምፕሊፋየር ከመድረክ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ሪትም ጊታር ተጫዋች (ጥያቄውን ያቀረበው)፦ በባንዳችን ውስጥ የጊታር አምፕሊፋየሮችን ሙሉ በሙሉ ከመድረክ አውርደን፣ ጊታሮቹን በዲጂታል ሞዴለር (የአምፕንና የስፒከርን ድምፅ በሚያስመስል መሣሪያ) በኩል በቀጥታ ወደ ሚክሰር እናስገባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገሚሶቻችን ደግፈነዋል፣ ገሚሶቻችን ተቃውመነዋል፤ እኔ ግን እስካሁን አልወሰንኩም። የትኛው መሣሪያ ይገዛ የሚለውን ለሌላ ጊዜ ትተን፣ አምፑ ሲወርድ ተጫዋቹም አድማጩም ምን እንደሚያገኙና ምን እንደሚያጡ ብትከራከሩልኝ እወዳለሁ።

የድምፅ ባለሙያ፦ እኔ ይውረድ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ሞዴለሩ ከአምፑ የተሻለ ድምፅ ያወጣል የሚል አይደለም። በትንንሽ አዳራሾች ስሠራ የሚፈትነኝ ነገር የጊታሩን ቻናል ሙሉ በሙሉ ዘግቼው እንኳ ጊታሩ ከድምፃዊው በላይ መሰማቱ ነው። አምፑ ብቻውን አዳራሹን ስለሚሞላው ድምፃዊውን ከፍ ከማድረግ ሌላ ምርጫ አይኖረኝም፤ ከፍ ባደረግሁት መጠን ግን የድምፃዊው ማይክሮፎን ከጀርባው ያለውን ጊታርና ድራም አብሮ ይለቅማል፣ ቀጥሎም ሞኒተሩ (ተጫዋቾቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር) መጮህ ይጀምራል።

ከዚህ በተጨማሪ ብዙ ተጫዋቾች የማያስተውሉት የስፒከር አቅጣጫ ጉዳይ አለ። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ለፊቱ ብቻ ነው የሚወረውረው። አምፑ ወለል ላይ ተቀምጦ ተጫዋቹ ከፊቱ ሲቆም ያ ድምፅ በእግሩ ቁመት ያልፈዋል፤ እሱም ድምፁ የደበዘዘ ስለሚመስለው ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ይጨምራል። በዚያው መስመር የተቀመጠው አድማጭ ጆሮውን ይይዛል፣ ከጎን ያለው ደግሞ የጊታሩን ዝርዝር ጨርሶ አይሰማም። ይህንን ከሚክሰር ላይ ሆኖ ማስተካከል አይቻልም።

ሊድ ጊታር ተጫዋች፦ የዘረዘሩት ችግር ሁሉ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ውሳኔ ግን አላሳመነኝም። አምፑን ከወለል ከፍ አድርጎ ወይም ወደ ኋላ አጋድሞ በቀጥታ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ማዞር የአቅጣጫውን ችግር በአብዛኛው ያቃልለዋል። የጩኸቱም ጥፋተኛ ቢሆን ለቦታው የማይመጥን አምፕ ይዞ የመጣው ሰው ነው። ባለ 100 ዋት አምፕ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጣው የአዳራሽ ስፒከሮች በአብዛኛው ለድምፃዊ ብቻ በሚያገለግሉበት ዘመን ነበር፤ ቢትልስ በ1965 በኒው ዮርኩ ሺ (Shea) ስታዲየም ሲጫወቱ ጊታራቸውን ለማሰማት በባለ 100 ዋት የቮክስ አምፖች መተማመን ነበረባቸው። ዛሬ ጊታሩን ለአድማጩ የሚያደርሰው ዋናው ስፒከር ከሆነ፣ መድረክ ላይ ትንሽ አምፕ አስቀምጦ ማይክሮፎን መደቀን ይበቃል። ከ100 ወደ 50 ዋት መውረድ ግን የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ ስል ከዚያም እጅግ ያነሰውን ማለቴ ነው።

ዋናው መቃወሚያዬ ግን ሌላ ነው። ሶሎ ላይ አንድ ኖታ ይዤ ወደ አምፑ ስጠጋ፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ንዝረት የጊታሩን እንጨትና ክር መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ኖታው መሞት ሲገባው ይረዝማል፣ አንዳንዴም ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይሻገራል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስል ይጠፋል። ይህ የመጫወቻ ዘዴ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚጫወት ሰው ደግሞ ያጣዋል። በፔዳል የሚያስመስሉት መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እነሱ የሚሰጡኝ ኖታውን ነው፣ የት መቆም እንዳለብኝ ግን አይነግሩኝም።

ድራመር፦ ስለ «ጸጥተኛ መድረክ» ስታወሩ የእኔን መሣሪያ የረሳችሁት ይመስለኛል። ድራም ማይክሮፎን ሳይደቀንበት በቅርብ ርቀት ከ100 ዴሲቤል በላይ ይሄዳል። አምፖቹ ወርደው እኔ ብቻ ስቀር፣ ዋናዎቹ ስፒከሮች በግራና በቀኝ ርቀው በቆሙበት አዳራሽ ፊት ረድፍ መሐል ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ሲምባልና ስኔር ነው፤ ጊታሩ በጎኑ ያልፈዋል። መድረኩ ጫፍ ላይ ወደ ፊት ረድፉ የሚዞሩ ትንንሽ ስፒከሮች ካልተጨመሩ ይህ ሐሳብ ለከፈለው ታዳሚ ቅሬታ ነው።

የድምፅ ባለሙያ፦ ስለ ፊት ረድፉ የተነሣውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የድራሙ ጩኸት ለእኔ አምፑን ለማውረድ ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ አምፑን የሚከፍተው ከድራሙ በላይ ለመሰማት ነውና። የጆሮም ነገር አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኞች ያወጣው ወሰን በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በአንድ ዝግጅት መድረክ ላይ የምትቆዩትን ጊዜ እናንተው አስቡት።

ቤዝ ተጫዋች፦ እኛ ቤዝ ተጫዋቾች በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ሲግናል ለሚክሰር በሚመች መልኩ በሚያስተላልፍ ትንሽ ሣጥን) በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባት ከጀመርን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ስላለፉ፣ ይህ ክርክር የጊታር ተጫዋቾች ኩራት የወለደው ነው ብል ቅር አትሰኙብኝ። በቀጥታ መግባት በራሱ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ያለ በቂ ሞኒተር መግባት ነው። አንድ ጊዜ አምፕ አታምጡ ተብለን የሄድንበት ቤት ለሁላችንም የነበረው አንድ የሞኒተር መስመር ብቻ ነበር። ድምፃዊቷ ራሷን ለመስማት ከፍ ስታስደርገው ጊታሩ ጠፋ፣ ጊታሩ ሲጨመር እሷ ጠፋች፤ እኔም ዝግጅቱን የጨረስኩት የጊታር ተጫዋቹን እጅ እያየሁ ነው። አምፕ ድምፅ ማጉያ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ ማንንም ሳይለምን የሚያዝበት የግል ሞኒተሩ ነው። እሱን የሚወስድ ሰው በምትኩ የሚሰጠውን አስቀድሞ ሊናገር ይገባል።

የዲጂታል መሣሪያ ድምፁን ያዘገያል የሚለውን ክስ ግን ተዉት። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ከአምፑ 3 ሜትር ርቆ የሚጫወት ሰው ወደ 9 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት ሳያውቀው ለምዶታል፤ ሞዴለሩ ብቻውን የሚጨምረው ደግሞ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው።

ሪትም ጊታር ተጫዋች፦ ለመሞከር አንድ ሞዴለር ተውሼ ነበር። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሳስተካክለው እጅግ ያማረው ድምፅ፣ ልምምድ ቦታ በትልቁ ስፒከር ሲወጣ ከታች የሚያጉረመርም፣ ከላይ ደግሞ የሚወጋ ሆነ። መሣሪያው ነው ወይስ እኔ?

የድምፅ ባለሙያ፦ የጆሮ ተፈጥሮ ነው። ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ባስና ትሬብልን በደንብ አይሰማም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሳይታወቀን ሁለቱንም እንጨምራለን፣ መድረክ ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ሁለቱም ገዝፈው ይወጣሉ። ፕሪሴቱን (ሞዴለሩ ላይ ያስቀመጡትን የድምፅ ቅንብር) ድራመሩ እየተጫወተ፣ በዝግጅቱ የድምፅ መጠን ያስተካክሉት። ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ከሚደርሰው በታች ይቁረጡ፤ የቤዙና የከበሮው ቦታ ነው። የስፒከር ካቢኔት ማስመሰያው (የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስለው የሞዴለሩ ክፍል) መከፈቱንም ያረጋግጡ፤ እውነተኛ የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ድምፁ በፍጥነት ስለሚወድቅ፣ ያለ እሱ ዲስቶርሽን (የሻከረው የጊታር ድምፅ) የንብ ድምፅ ነው የሚሆነው።

ለነገሩ ታላላቆቹም የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሜታሊካ በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ ላይ ሲጫወቱ ታዳሚው ሙዚቃውን የሰማው ከመድረክ አምፕ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ነበር።

ሊድ ጊታር ተጫዋች፦ ያ ምሳሌ እኔን ነው የሚደግፈው። እዚያ እያንዳንዱ ታዳሚ ጆሮው ላይ የራሱ ማዳመጫ ነበረው፤ እንዲህ ዓይነት ባንድ ደግሞ ሞኒተሩን ብቻ የሚቆጣጠር ባለሙያ ይዞ ይዞራል። እኛ ማን አለን? ዛሬ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ የምናውቀው ቦታው ስንደርስ ነው፤ ሶሎዬ ሲደርስ ከፍ እንዲያደርግልኝ ተስፋ የማደርገውም እሱኑ ነው።

ድራመር፦ ሶሎውን ለእሱ ለምን ይተዉታል? ድምፁን ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል የሚጨምር አንድ የእግር መጫኛ ሞዴለሩ ላይ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሊድ ጊታር ተጫዋች፦ ይቻላል፤ እሱም ያንን ጭማሪ እንደ ስሕተት ቆጥሮ መልሶ ካላወረደው።

ሪትም ጊታር ተጫዋች፦ እስካሁን ከሰማሁት ወደ አንድ ነገር አዘንብያለሁ። እያንዳንዳችን የጆሮ ሞኒተራችንን ከስልካችን ማስተካከል የምንችልበት ሚክሰር ባለበት ቦታ አምፖቹ ይውረዱ፤ ሞኒተሩ እንደተለመደው አንድ መስመር በሆነበት ቦታ ግን ሞዴለሩ ወደ ሚክሰር እየገባ፣ ከተጫዋቹ ጀርባ ወደ ጆሮው የዞረ አንድ ትንሽ ስፒከር ይጨመርለት። ሊድ ተጫዋቹም ኖታውን የሚያረዝምበት ቦታ ያገኛል።

ሊድ ጊታር ተጫዋች፦ በሙከራ ደረጃ እስማማለሁ፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። አንዱን ዘፈን አንድ ጊዜ በአምፕ፣ አንድ ጊዜ በሞዴለር ተጫውተን ከአዳራሹ መሐል እንቅረጸው፤ ቀረጻውን የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገረን እናዳምጠው።

የድምፅ ባለሙያ፦ መልካም ነው። እኔ ደግሞ የድምፃዊቷን ማይክሮፎን ለብቻው እቀርጻለሁ። ሁለቱንም ቅጂ ስትሰሙ፣ እሷ ዝም ባለችበት ቦታ ማይክሮፎኗ ውስጥ ስንት ጊታር እንዳለ አድምጡ፤ እኔ የምከራከረው ስለዚያ ነው።