ሁለት ጨዋታ አላሸነፍንም፤ ልልቀቅ?

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
አቦ እርዱኝ። የሰፈራችንን ታዳጊዎች ማሰልጠን የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። እስካሁን አንድ ሽንፈት፣ አንድ አቻ። ቅዳሜ በረኛዬ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ ሲያለቅስ አየሁት። አንጀቴን በላው። አሰልጣኙ ይቀየር የሚሉም አሉ።

ከከዚራ፦
እንዳትለቅ! ጋርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2008 ባርሴሎናን ሲረከብ፣ ከዚያ በፊት ያሰለጠነው የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ በኑማንሲያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቀጥሎ ከራሲንግ ሳንታንደር 1 ለ 1። ልክ እንዳንተ! በዚያው የውድድር ዓመት ሊጉን፣ የንጉሡን ዋንጫና ሻምፒዮንስ ሊጉን በላ። ሪያል ማድሪድን በሜዳው 6 ለ 2!

ከመጋላ፦
እሱ እኮ ሜሲ፣ ዣቪና ኢኒዬስታ ነበሩት። አንተ በረኛህን ያዝ። ነገ ለብቻው ጥራው።

ጠያቂ፦
እሺ ወንድሜ። ፀሐዩ ሳይከር ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ከልጁ ጋር እንገናኛለን።